ተራዎ ይጠበቃል፦ የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የአደጋ ጊዜ ዝግጅት የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ፣ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ሥራ ያስጀመረን ዓርብ ማታ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ የተሰማው መንቀጥቀጥ ነው። ከመስከረም ወዲህ አፋርና ኦሮሚያ ውስጥ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ምድር ስትናወጥ ከርማለች፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀዋል። እኛ አዲስ አበባ ያለነው የሚደርሰን ንዝረቱ ብቻ ነው፤ እሱም ያስደነግጣል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትንሿን ልጄን አቅፌ፣ ትልቁን እጁን ይዤ ደረጃውን በጨለማ ወረድኩ። ግቢ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቆየን።

ዛሬ ጠዋት ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን "በሥራ ሰዓት ቢሆንስ ኖሮ?" ብለው ጠየቁ። ሁሉም ዝም አለ። እቅድ እንኳን አለን። አምና ለኢንስፔክሽን ሲባል ከሌላ መሥሪያ ቤት ተገልብጦ የተዘጋጀ 18 ገጽ ሰነድ ነው። አውጥቼ ሳነበው ሁለት ቦታ ላይ የዚያኛው መሥሪያ ቤት ስም ሳይቀየር ቀርቷል።

ሥራው ለእኔ ተሰጠ። የንብረት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። ከእኔ ጋር የጥበቃ አስተባባሪው፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋና የፅዳት ሠራተኞች ተወካይ ተመድበዋል፤ አራት ነን። የሠራነውን በየቀኑ እጽፋለሁ፤ ሌላ ወረዳ ያለ ባልደረባ ከዜሮ እንዳይጀምር።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ ዞርነው። ጂ+3 ነው። መሬት ላይ ወሳኝ ኩነት፣ መታወቂያና መዝገብ ቤት፤ አንደኛ ፎቅ ቤቶችና ንግድ፤ ሁለተኛ ፎቅ ፋይናንስና ግዢ፤ ሦስተኛው ላይ የኃላፊዎች ቢሮና አዳራሽ። ደረጃው አንድ ነው። በሮቹ ሁለት ናቸው፤ ዋናውና የጀርባው።

ደረጃው ሥር አምስት ጀሪካን ናፍጣ አገኘን፤ የጀነሬተሩ ነው። ዝናብ እንዳይመታው አስቦ ያስቀመጠው ሰው በቅንነት ነው ያደረገው። ነገር ግን ፎቅ ላይ ላለ ሰው ሁሉ መውጫው ያ ደረጃ ብቻ ነው። እዚያ እሳት ቢነሳ ጭሱ በደረጃው ቀጥ ብሎ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ሰው ደግሞ ከነበልባሉ ይልቅ በጭሱ ነው ቀድሞ የሚወድቀው። እዚያው ቀን ከሕንፃው ውጭ ወዳለችው የቆርቆሮ ክፍል አዛወርነው። አንድ ብር አላወጣንም።

የጀርባው በር በጓጉንቸር ተቆልፏል። ጥበቃውን "ጋሼ፣ ቁልፉ የታለ?" አልኳቸው።

"ፋይናንስ ጋ ነው።"

ፋይናንስ "ግዢ ጋ ነው" አለ። ግዢ ቁልፉን የያዘችው ልጅ ወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ሰዓቴን ይዤ ነበር፤ ቁልፉ ከአንድ መሳቢያ እስኪወጣ 26 ደቂቃ ሄደ።

ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ማለፊያው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በጎኑ። ለምን አልተጣሉም እንዳልል ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በንብረት መዝገብ ላይ ስላሉ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ ተቀምጦ ሳይወስን ከግቢ አይወጡም፤ ኮሚቴው ደግሞ ሁለት አባላቱ በዝውውር ከሄዱ ወዲህ አልተሟላም። ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው የእኔን ክፍል ነው። ማታውኑ የአባላት ይሟሉልኝ ደብዳቤ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የእሳት ማጥፊያዎቹን ቆጠርን፤ 11 ናቸው። ከሦስቱ የግፊት መለኪያው ቀስት ከአረንጓዴው ወርዶ ቀዩ ላይ ቆሟል። አንዱ ቁም ሳጥን ጀርባ ተገኘ። አንዱ ደግሞ ቀስቱ አረንጓዴ ላይ ነው፣ ስንገለብጠው ግን ምንም አይንቀሳቀስም፤ ውስጡ ያለው ዱቄት ረግቶ እንደ ጂፕሰም ጠንክሯል። ስለዚህ ቀስቱን ማየት ብቻውን አይበቃም። በየወሩ አንስቶ መገልበጥ፣ ዱቄቱ ሲንሸራተት በእጅ መስማት ያስፈልጋል።

ከእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ቅርንጫፍ አንድ ባለሙያ መጥተው ግቢ ውስጥ በግማሽ በርሜል ናፍጣ አቀጣጥለው አስተማሩን። ፒኑን ንቀል፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥር፣ እጀታውን ጨብጥ፣ ግራና ቀኝ እየጠረግክ ቅረብ። ነፋሱ ከጀርባህ ይሁን። ኤሌክትሪክ የያዘው ነገር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ተጠቀም፤ ውኃ እንዳታስጠጋ። ስድስት ኪሎው ማጥፊያ ከ20 ሰከንድ ብዙም አይቆይም። ይህን ያወቀ ጥቂት ሰው ነው፤ አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን አስር ሰከንድ ነበልባሉ ጫፍ ላይ ረጭተን ጨረስነው። በአንድ ሙከራ ያጠፉት የፅዳት ሠራተኛዋ እትዬ ናቸው። ጎንበስ ብለው እንደ መጥረጊያ ከሥሩ ጠረጉት። የሁለተኛ ፎቅ እሳት ተከላካይ እሳቸው እንዲሆኑ ተስማማን፤ ከማንም ቀድመው ገብተው ከማንም ኋላ የሚወጡትም እሳቸው ናቸው።

ባለሙያው ሲሄዱ በሩ ላይ ቆም ብለው "መኪናችን በዚህ ይገባል?" አሉ። በሜትር ለካነው፤ 3 ሜትር ከ20። መኪናው ይገባል። ግን በሩ ፊት ሁልጊዜ ሁለት ታክሲና የባለጉዳይ መኪኖች ይቆማሉ። ጥቅምት 11 ቀን መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው ቃጠሎ ለሰዓታት የቆየበት አንዱ ምክንያት መኪና እንደልብ የሚገባበት መንገድ አለመኖሩ ነበር። በዚያው ቀን ጥበቃዎቹ የበሩን ፊት በቢጫ ቀለም አሰመሩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ዛሬ ያገኘሁት ነገር እቅዱን ከሥሩ አስቀየረኝ። የድሮው ሰነድ "በሕንፃው ውስጥ የሚገኙ 94 ሠራተኞች" ይላል፤ የመውጫ ጊዜውም፣ መሰብሰቢያውም፣ ቆጠራውም በ94 ሰው ተሰልቷል። ለማረጋገጥ ብዬ ሁለት ሰልጣኞች በር ላይ አቁሜ የሚገባና የሚወጣውን አስቆጠርኩ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሕንፃው ውስጥ ከሠራተኛው ሌላ 217 ባለጉዳይ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 31ዱ ሕፃን ያቀፉ እናቶች፣ የልደት ምስክር ወረቀት ፈላጊዎች። ምርኩዝ የያዙ 14። በተሽከርካሪ ወንበር የመጡ 2፤ አንዱን ወንድሞቹ ተሸክመው አንደኛ ፎቅ ቤቶች አስተዳደር አድርሰውታል።

እነዚህ ሰዎች ደረጃው የት እንደሆነ እንጂ ሌላ በር መኖሩን አያውቁም። የእኛን ደወል አይለዩትም። አስተባባሪ ማን እንደሆነ አያውቁም። ከሠራተኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ናቸው፤ በእቅዱ ላይ ግን አንድም ቦታ አልተጻፉም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከፋብሪካ ወይም ከድርጅት ቢሮ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ገልብጠን ያመጣነው እቅድ ይህን አያውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ዛሬ የቆሼ ቆሻሻ ክምር የተናደበት 8ኛ ዓመት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ፣ ቅዳሜ ነበር። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ያኔ ሌላ ወረዳ ነበርኩ፤ የሟቾቹ ቁጥር ከቀን ቀን ሲጨምር የሰማሁት አሁንም አይወጣልኝም። ቤተሰብ ስም እየጠራ ፍርስራሹ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

የቆጠራውን ነገር ዛሬ ተነጋገርንበት። የሠራተኛው ስም ዝርዝር ያለው በጣት አሻራ ማሽኑና በሰው ኃይል ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ማለትም በሚቃጠለው ሕንፃ ውስጥ። ከዛሬ ጀምሮ በየጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የየክፍሉ ስም ዝርዝር በወረቀት ታትሞ ጥበቃ ቤት ይሰቀላል። ባለጉዳይን በስም መያዝ አይቻልም። በየመስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ግን "በእኔ መስኮት ፊት ስንት ሰው ነበር" የሚለውን መናገር ይችላል፤ የመስኮት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሰልፉን እያየ ነው የሚውለው።

መሰብሰቢያ ቦታውም ተቀየረ። የድሮው የመኪና ማቆሚያው ነበር፤ ትራንስፎርመር ሥር። አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለው የወጣት ማዕከል ሜዳ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

የጀርባውን በር ጉዳይ ሁለት ሳምንት ተከራከርንበት። ኃላፊያችን በሩ እንዳይከፈት የሚፈልጉት በምክንያት ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ በር ሦስት ኮምፒውተር ወጥቷል። እኔም ንብረት ነኝ፤ ስጋቱ ይገባኛል። መጨረሻ ላይ መፍትሔውን ያመጡት የጥበቃ አስተባባሪው ናቸው። ጓጉንቸሩ ተነሳ። ከውስጥ በአንድ እጅ የሚሳብ መቀርቀሪያ ተበየደ፤ ከውጭ እጀታ የለውም። በመቀርቀሪያው ላይ ቀጭን ክር ታስሮ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተጣበቀበት። አደጋ ሲኖር ማንም ስቦ ይበጥሰዋል፤ ያለ አደጋ የከፈተ ሰው ካለ ደግሞ በጠዋቱ ዙር ይታወቃል።

በያጁ ሲመጣ ሌላም ነገር አስተካከልን። በሩ ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። ከኋላ ሰው ሲገፋ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር አይከፈትም፤ ከፊት ያለው ሰው በሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ማጠፊያውን አዙሮ ወደ ውጭ አደረገው። ለሁለቱም ሥራ ግማሽ ቀን በቂ ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጥበቃው ደወሉ፤ "ልጄ፣ ቶሎ ነዪ፤ መዝገብ ቤት ውኃ ነው።" ሌሊት ከመዝገብ ቤቱ በላይ ያለው የአንደኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ፈንድቶ በጣሪያው ሲወርድ አድሯል።

ስደርስ ውኃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ውስጥ መግባት የጀመረ ሰው ነበር፤ "ውጡ!" ብዬ ጮህኩ። የግድግዳ ሶኬቶቹ እርጥበት ላይ ናቸው። ቆጣሪው ከወረደ በኋላ ነው የገባነው፤ ዋናው ውኃም ተዘጋ። ከታችኛው ሁለት መደርደሪያ 340 ገደማ ፋይል ረጥቧል። ከነዚህ አብዛኛው የቤት ፋይል ነው። ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሰ ጀምሮ የተያዙ የቀበሌ ቤት ውሎች፣ የኪራይ ካርኒዎች፣ የሟችና የወራሽ ማስረጃዎች። ሌላ ቅጂ የላቸውም። የአንድ ቤተሰብ ሃምሳ ዓመት የኖረበት ቤት ማስረጃው ያ አንድ ፋይል ነው።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማዳን ስለማይቻል ቅደም ተከተል አወጣን። መጀመሪያ ምትክ የሌለው፤ ከዚያ ቅጂው ሌላ ቦታ ያለው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ከ2008 ወዲህ የተመዘገበው የልደትና የሞት መዝገብ ቅጂው ወደ ላይ ስለሚተላለፍ ለጊዜው ይቆይ አልን። የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ስልክ እየደወለች የተማረችውን ጠየቀች፤ እኔ ያገኘሁትን ሁሉ ማስታወሻ ያዝኩ። የረጠበ ወረቀት በ48 ሰዓት ውስጥ ሊሻግት ይችላል። የተጣበቀ ገጽ እርጥብ እያለ በኃይል አይላቀቅም፤ ይቀደዳል። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ወረቀቱ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይለቃል። ቬንቲሌተር ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ወደ ግድግዳ ዞሮ አየሩን ብቻ ያንቀሳቅስ። መሐል የሚገባው ነጭ ወረቀት ነው፤ ጋዜጣ ቀለሙን ያስተላልፋል። ተያይዘው የረጠቡ ፎቶግራፎች ከደረቁ አይለያዩም፤ እርጥብ እያሉ ነው የሚለዩት።

አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር በገመድ ዘጋነው። እትዬ ከየቤቱ የልብስ መቆንጠጫ ሰበሰቡ፤ ከገበያም 600 ገዛን። አንዱን ፋይል እኔ ራሴ ነበር የፈታሁት። የመጀመሪያው ገጽ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፤ ምንም አልሆነም። ከሥሩ ያለው ወይን ጠጅ ማኅተም ግን ቀልጦ በወረቀቱ ላይ እንደ ደም ተሰራጭቷል። የፈራሚው ስም ይነበባል፤ ክቡ ማኅተም ውስጥ የቀረው "ከፍተኛ" የሚለው ቃል ብቻ ነው። ገጹን በሁለት እጄ ከሥር ደግፌ ገመዱ ላይ ሳሰጣው ከጥርሴ መሐል ትንፋሽ አላወጣሁም።

በጣም ውኃ የጠጡት 40 ፋይሎች ግን ዛሬ የሚደርስላቸው ሰው አልነበረም። ማቀዝቀዝ ሻጋታውን ያስቆመዋል፤ ጊዜም ይሰጣል። ፊት ለፊታችን ያለው ሥጋ ቤት ዐቢይ ጾም ስለሆነ ፍሪዘሩ ባዶ ነበር። ባለቤቱን ለመንኩት፤ አላመነታም፣ አጥቦ አበራልን። እያንዳንዱን ፋይል በላስቲክ ጠቅልለን አስገባን። እስከ ማታ 4 ሰዓት ሠራን።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ፋይላቸው እዚያ ያለ ባለጉዳዮች መጥተዋል። አንዲት እናት የቤት ኪራይ ውል ቅጂ ለመውሰድ ከማለዳ ጀምረው ቆመዋል። "እማማ፣ ፋይልዎ ረጥቦ ገመድ ላይ ነው፤ ሳምንት ይመለሱ" አልኳቸው።

"አልሄድም። ቤቴ እኮ ነው እዚያ የተሰጣው" አሉኝ።

ወንበር ሰጠናቸው። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው ገመዱን ሲያዩ ቆዩ፤ የራሳቸውን ገጽ በፎቶው አወቁት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ፋሲካ እሑድ ስለሆነ ፍሪዘሩን ለባለቤቱ ማስረከብ አለብን። በቀን ስድስት፣ በቀን ሰባት እያወጣን ስናደርቅ ቆይተን የመጨረሻዎቹን ዛሬ አወጣን። ከ340ው ውስጥ 9 ፋይል ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ለእነሱ ባለጉዳዮቹ ቤት ያለውን ደረሰኝና ውል ጠርተን በአዲስ እየሞላን ነው። የታችኛው መደርደሪያ ከወለል 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተበየደ። የቤት ፋይሎቹን በስካነር ማንሳት ጀምረናል፤ ቅጂው የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

የመጀመሪያው ልምምድ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ እሳት ተነሥቷል በሚል። ሠራተኛው ቀድሞ ተነግሮታል።

ሠራተኛው በ4 ደቂቃ ውስጥ ሜዳው ላይ ነበር። ሕንፃው ባዶ የሆነው ግን በ9 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ባለጉዳዮቹ ከሰልፋቸው አልነቃነቅ አሉ። መታወቂያ መስኮት ፊት የነበረ አንድ ሰውዬ እጁን መስኮቱ ብረት ላይ አጥብቆ "እኔ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሬ ነው የተሰለፍኩት፤ ተራዬን ለማን ትቼ ነው የምወጣው?" አለኝ። ከኋላው ያሉት ሁሉ በአንገታቸው ደገፉት። እውነቱን ነው። ይህን ሰው እሳት ነው ብለን ብንጮህም ጭሱን በዓይኑ እስኪያይ ድረስ አይወጣም ነበር፤ በዓይኑ ሲያይ ደግሞ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሚሮጠው።

አስራ አምስት ደቂቃ በደወልና በምልክት ነገር ስንጨቃጨቅ የቆየን ሰዎች ማታ ተቀምጠን ያሰብነው ስለ ተራ ነው። ወሰንን። እያንዳንዱ መስኮት ማኅተም ያለበት ቁጥር ካርድ ይኖረዋል፤ ባለጉዳይ ሲመጣ ይሰጠዋል። ደወሉ ሲሰማ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚናገረው ቃል "ካርድዎን ይያዙ፤ ተራዎ ይጠበቃል" የሚል ነው። ሁለተኛው "ተከተሉኝ" ነው። ስንመለስም በካርዱ ቁጥር ይገባል፤ ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከታጠፈ ሁለተኛ የሚያምነን የለም። ሠራተኛው ቀድሞ መውጣቱም ቀረ፤ ከራሱ መስኮት ሰልፍ ጋር፣ ከኋላቸው ሆኖ ነው የሚወጣው።

ሌላም ነገር አየሁ፤ ይህኛው አስፈርቶኛል። ሁለት ወጣት ሠራተኞች ሜዳው ከደረሱ በኋላ አንዲት አሮጊት ቀርተዋል ብለው ሮጠው ተመለሱ። ልባቸው ንጹሕ ነው። ግን ማታ ስብሰባ ላይ ጎፋን አነሣሁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ ናዳው መጀመሪያ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡት ጎረቤቶችና የአካባቢው ሰዎች ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። በሁለቱ ናዳዎች ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ስለዚህ ደንብ አወጣን፤ የቀረ ሰው ካለ ስሙና ቦታው ለአስተባባሪው ይነገራል፤ የሚመለስ የለም። የማዳን ሥራ የሠለጠነው ሰው ነው። ወጣቶቹ ደንቡን ለመቀበል ከብዷቸው ነበር፤ እኔም እናቴ ውስጥ ብትሆን ይከብደኛል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

አራት ትናንሽ ሥራ፦

የስልክ ንግግሩ ተጽፎ በሁሉም ስልክ አጠገብ ተለጠፈ። 939 እሳትና አደጋ፣ 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 991 ፖሊስ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ቁጥር ብሎ የሚያገኝህ ስለሌለ አቅጣጫው በቃል እንዳይፈለግ በጽሑፍ አስቀመጥነው፤ ከየትኛው አደባባይ ወደየት፣ ከየትኛው ማደያ ቀጥሎ፣ በስተቀኝ። ከዚያ ምን እንደሚቃጠል፣ ውስጥ ሰው መኖሩ፣ የደዋዩ ስልክ። አንድ ጥበቃ ወዲያው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ መኪናውን ይመራል።

ተሽከርካሪ ወንበር ወይም ምርኩዝ የያዘ ባለጉዳይ ከእንግዲህ ፎቅ አይወጣም። የቤቶች ባለሙያው መሬት ላይ ወዳለው ክፍል ወርዶ ያስተናግደዋል።

መደርደሪያዎቹን ከግድግዳ ጋር ማሰር ጀምረናል። ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ፊሸር አይይዝም፤ መጀመሪያ ያሰርነውን በእጅ ስንስበው ተነቅሎ መጣ። አሁን ኮለኑን፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶውን፣ እየፈለግን ነው የምናስረው።

የማስወገድ ኮሚቴው ተሟልቷል። ወንበሮቹ በጨረታ ወጡ፤ ኮሪደሩ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ሁለተኛው ልምምድ፣ ለማንም ሳይነገር። ከእኔና ከኃላፊያችን ሌላ የሚያውቅ የለም። 5 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መጀመሪያ መሬት መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ መውጣት።

የመሬት መንቀጥቀጡ ክፍል ከእሳቱ ይለያል። ምድር እየተነቃነቀች ደረጃ ላይ መሮጥ ነው የሚጎዳው፤ እኔ የካቲት ላይ ከልጆቼ ጋር ያደረግሁት ማለት ነው። መንበርከክ፣ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣ እግሩን መያዝ፣ እስኪቆም መጠበቅ። በ1953 ካራቆሬ ላይ የተነሳው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ማፍረሱን ለሠራተኛው ነግሬያለሁ፤ አገራችን ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። ባለጉዳይ ኮሪደር ላይ ነው፤ ጠረጴዛ የለውም። ለእነሱ የነገርነው ከመስታወቱ ራቁ፣ ከውስጥ ግድግዳው ጥግ ተንበርከኩ፣ ራሳችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ ነው። እናቶቹ ማንም ሳያዛቸው ሕፃናቱን ከሥራቸው አድርገው ጎነበሱ።

ከዚያ ደወሉ። "ካርድዎን ይያዙ፤ ተራዎ ይጠበቃል።" ዋናው በርና የጀርባው በር ሁለቱም ተከፈቱ፤ ክሩ ተበጠሰ። ሰው ሁሉ ለመውጣት 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ። ቁጥር 47 የያዙ አባት ሜዳው ላይ ካርዳቸውን ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ ስንመለስም 46 ከገባ በኋላ ቁጥራቸው ተጠራ።

ቆጠራው ላይ ሁለት ሰው ጎደለ። የሦስተኛ ፎቅ ጸሐፊዋና አንዲት ባለጉዳይ። ማንም አልተመለሰም፤ ለአስተባባሪው ተነገረ። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ወጥተን ስናይ ሁለቱም ሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነበሩ። በሩ ሲዘጋ ደወሉ እዚያ አይሰማም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

እቅዱ አሁን 6 ገጽ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሠራተኛ ቁጥርና የባለጉዳይ ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፏል፤ የባለጉዳዩ በየሩብ ዓመቱ እየተቆጠረ ይታደሳል። የእሳት ማጥፊያው ዙር በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ነው፤ የእትዬ ፊርማ ያለበት ካርድ እያንዳንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሌሎች ሁለት ወረዳዎች መጥተው የካርዱን ነገር አይተው ሄደዋል።

ክረምቱ ገብቷል፤ የጣሪያው ቦይ ተጠርጓል። ሦስተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት የሚገጠመው ደወልና መስማት ለተሳናቸው የሚበራው ቀይ መብራት ትላንት ከግዢ ወጥቷል። ኤሌክትሪሻኑ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይመጣል፤ በሩን ዘግቼ ውስጥ የምቆመው እኔ ነኝ።